ያገለገለ ዕቃ፣ የታደሰ ሳሎን፦ ለአዘናና ለአካባቢዋ ቤቶች የሥራ መመሪያ

በአዘና በብዙ ቤት እንግዳ የሚቀመጥበትና ምግብ የሚቀርብበት ክፍል አንድ ነው። ሶፋው በአንዱ ግድግዳ፣ ቡፌው በሌላው፣ የምግብ ጠረጴዛው ጥግ ይይዛል፤ ቡና ሲፈላ ደግሞ ረከቦቱ መሐል ላይ ይቀመጣል። ይህ ክፍል ሲጣበብ ወይም ዕቃው ሲጎሳቆል ብዙዎቻችን ወደ አዲስ ሶፋና አዲስ ጠረጴዛ እንቸኩላለን። በጀት የማያናጋ፣ ለአካባቢያችንም አየር የሚስማማ ሌላ መንገድ አለ፤ ጥሩ እንጨት ያለውን ያገለገለ ዕቃ መርጦ ገዝቶ ማደስ።

ለአካባቢያችን አየር የሚስማማ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዘና ያለችበት የአዊ ዞን ዝናብ የሚበዛበት፣ ክረምቱ የሚረዝምበት አገር ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚያብለጨልጨው ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ከተፈጨ ወይም ከተፈረፈረ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። እርጥበት ከገባው ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ ብሎኑም አይይዝም። ሙሉ ዋንዛ ግን በክረምት ትንሽ ቢያብጥ በበጋ ይመለሳል። ቢላላ ተፈትቶ ይጣበቃል፤ ቢቧጨር ይላጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ይህን ያህል ጥበቃ ያስፈለገው ዛፍ ስለሆነ በአሮጌ ጠረጴዛ ውስጥ ያለው የዋንዛ ጣውላ በቀላሉ የማይተካ ሀብት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ደንብ ይመራል፦ የሚጠገን ዕቃ ይግዙ።

ሥራውን ለመጀመር የሚመቸው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ያለው ደረቅ አየር ለማጣበቅም፣ ለመቀባትም፣ ዕቃ ደጅ አውጥቶ ለማናፈስም ይረዳል። ጥር 23 በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል እንግዳ የሚጠብቅ ቤት በኅዳር መጀመሪያ ቢነሣ ሳይጣደፍ ይደርሳል።

1. መጀመሪያ ክፍሉን ይለኩ

ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት፣ የመስኮቶቹን ቦታ፣ በሩ ሲከፈት የሚይዘውን ስፍራና ሶኬቶቹን ጭምር ይመዝግቡ። እያንዳንዱን ሜትር በወረቀት ላይ 5 ሳ.ሜ. አድርገው ይሳሉት። ከዚያ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውንና ቡፌውን በዚያው ልክ ከካርቶን ቆርጠው ወረቀቱ ላይ እያንቀሳቀሱ ይሞክሩ። ከባድ ቡፌ በሰው ጉልበት ደጋግሞ ከማዟዟር ይህ ይሻላል።

ሲያቅዱ እነዚህን ልኮች ይጠቀሙ፦

- በምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ለአንድ ሰው 60 ሳ.ሜ. ያስፈልጋል። ለ4 ሰው 120 በ75 ሳ.ሜ.፣ ለ6 ሰው 150 በ90 ሳ.ሜ. ገደማ ይበቃል።
- የጠረጴዛው ከፍታ 75 ሳ.ሜ.፣ የወንበሩ መቀመጫ 45 ሳ.ሜ. ሲሆን ለመብላት ይመቻል። ጠረጴዛውንና ወንበሩን ከተለያየ ቦታ ከገዙ በሁለቱ መካከል 30 ሳ.ሜ. ያህል መኖሩን ያረጋግጡ።
- ከወንበሩ ጀርባ ሰው የሚያልፍ ከሆነ ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳው 90 ሳ.ሜ. ይተው። የሚያልፍ ከሌለ 75 ሳ.ሜ. ይበቃል።
- በሶፋውና ፊት ለፊቱ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ መካከል ከ40 እስከ 45 ሳ.ሜ. ይሁን።
- ለቡናው ስፍራ፣ ረከቦቱን፣ ምድጃውንና የምታፈላዋን በርጩማ ጨምሮ፣ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቦታ ከወዲሁ ይያዙ። ይህ ከተረሳ ቡና በተፈላ ቁጥር ጠረጴዛ መግፋት ይመጣል።

የውጭ በርዎን ስፋት በተለይ በጉልህ ጽፈው ወደ ገበያ ይዘውት ይሂዱ። ተገዝቶ በበር አልገባ ያለ ሶፋ ለገዢም ለሻጭም ጣጣ ነው።

2. ያለዎትን በሦስት ይክፈሉ

ቤት ያለውን ዕቃ የሚቆይ፣ የሚታደስና የሚለቅ ብለው ይለዩ። ጠንካራ ሆኖ ያስጠላዎት የሚታደስ ነው። ያበጠ፣ የፈረፈረና ብሎን የማይይዝ የሚለቅ ነው። የሚለቀውን አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ይሽጡት ወይም ይስጡት፤ ቦታም ገንዘብም ያገኛሉ። ብዙ ጊዜ ሳሎን የሚጠበው ክፍሉ አንሶ ሳይሆን ዕቃው በዝቶ ነው፤ ሁለት ኮመዲኖና አንድ ትርፍ ወንበር ሲወጡ ብቻ መተላለፊያው ይከፈታል።

3. ዕቃው የሚገኝባቸው ቦታዎች

ከተዛወረ ሠራተኛ። መምህር፣ የባንክ ወይም የጤና ባለሙያ ሲዛወር ከባዱን ዕቃ ጭኖ ከመሄድ መሸጡን ይመርጣል። የትምህርት ዓመቱ ሲዘጋ ጆሮዎን ይክፈቱ። ዩኒቨርሲቲና የዞን መሥሪያ ቤቶች ስላሉባት እንጅባራ ለዚህ ጥሩ ምንጭ ናት።

ከጨረታ። መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ያገለገለ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መደርደሪያ በሐራጅ ወይም በግልጽ ጨረታ ይሸጣሉ። ማስታወቂያው በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በበኩር ጋዜጣም ይወጣል። ዕቃው የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ስለሆነ ለዕይታ በተፈቀደው ቀን ሄደው ሳያገላብጡ ዋጋ አይስጡ። ማስያዣው በሲፒኦ የሚጠየቅ መሆኑንና ዕቃው በስንት ቀን መነሣት እንዳለበት አስቀድመው ያንብቡ።

ከሆቴልና ከኬክ ቤት። በእንጅባራና በዳንግላ ሆቴሎች ወንበር ሲቀይሩ አንድ ዓይነት የሆኑ 6 ወይም 8 ወንበሮች በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። ለብዙ ሰው መቀመጫ የተሠሩ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ አጥንታቸው ጠንካራ ነው።

ከእንጨት ሥራ ቤት። ደንበኛ አዲስ ሲያሠራ አሮጌውን ለአናጺው ትቶ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የሠፈርዎን አናጺ «አሮጌ የዋንዛ ጠረጴዛ ሲመጣ ንገረኝ» ብለው ይደውሉለት። የሠርግ ወቅትም ሲቃረብ አዲስ ዕቃ የሚያስገቡ ቤቶች የድሮውን ያወጣሉ።

የጎደለውን ለመሙላት የእንጅባራን የቀርቀሃ ሥራ አይርሱ። የደጋ ቀርቀሃ በአካባቢው ገበሬ ጓሮ የሚበቅል ነው፤ ከእሱ የሚሠራው ወንበርና መደርደሪያ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ከዋንዛ ቀለም ጋር ይስማማል።

4. ገልብጠው፣ ነቅንቀው፣ አብርተው ይግዙ

ዕቃውን በቀን ብርሃን ይመልከቱ፤ ስልክዎ ላይ ያለው ባትሪም ለጨለማው ጥግ ያገለግላል።

ጠረጴዛና ወንበር። ገልብጠው ከሥሩ ይዩት። ፎርማይካና ቀለም የላዩን ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ የሥሩ ግን እውነቱን ያሳያል። ሙሉ ጣውላ ከሆነ የእንጨቱ መስመር ከላይ ታይቶ እስከ ጠርዙ ይዘልቃል። ቺፕውድ ከሆነ ጠርዙ ላይ የተጨመቀ ፍርፋሪ ያያሉ። ከዚያ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች ይዘው ይነቅንቁ። መገጣጠሚያው ስለላላ ብቻ የሚነቃነቅ ዕቃን አይፍሩት፤ ይጠገናል። እግሩ የተሰነጠቀ ወይም በምስማር ብዛት የተበሳሳ ከሆነ ግን ዋጋው በደንብ ይቀነስ፣ አለዚያ ይለፉት።

ነቀዝና ምስጥ። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው የፈሰሰ ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ካዩ ነቀዙ አሁንም እየሠራ ነው። ቀዳዳው ጠቁሮ ዱቄት ከሌለው የቆየ ሊሆን ይችላል። የጭቃ መስመር የምስጥ ምልክት ነው። የእግሩን ጫፍ በካቻቢቴ ጫን ጫን ያድርጉ፤ ከሰመጠ ውስጡ ተበልቷል። ቀርቀሃም ነቀዝ ይወደዋልና ያገለገለ የቀርቀሃ ወንበር ሲገዙ በተመሳሳይ ይመርምሩ።

ቡፌ። መሳቢያዎቹን ሁሉ ስበው ይመልሱ፤ በሮቹን ከፍተው ይዝጉ። ማጠፊያ፣ መያዣ፣ መስታወትና የጀርባ ኮምፔንሳቶ በቀላሉ ይለወጣሉ። የተጣመመ ዋና አካል ግን አይቃናም።

ሶፋ። በየጥጉ ይቀመጡ፤ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ገለጥ አድርገው የእንጨቱን አጥንት፣ ሞላውን ወይም ላስቲኩን ይዩ። ጨርቁና ስፖንጁ ይለወጣሉ፤ ዋናው አጥንቱ ነው። ቀጥሎ ትኋን ይፈልጉ። በስፌቱ መስመር፣ በአዝራሩ ሥርና በእንጨቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተገፈፈ ቆዳ ወይም ራሱን ተባዩን ካዩ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙት። ትኋን ሳይመገብ ወራት መቆየት ይችላል፤ ሶፋው ባዶ ቤት ውስጥ ከርሟል መባሉ ዋስትና አይሆንም።

ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት የግዢውን፣ የማጓጓዣውን፣ የአናጺውንና የጨርቁን ወጪ ይደምሩ። ድምሩ አናጺ በተመሳሳይ እንጨት አዲስ ለመሥራት ከሚጠይቀው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከሆነ ይተውት። ከማያውቁት ሰው ሲገዙ ደግሞ የሻጩ ስምና ፊርማ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ዋጋውና የሁለት ምስክሮች ስም ያለበት ወረቀት ይጻፉ። ይህ ከተሰረቀ ዕቃ ጣጣ ይጠብቅዎታል።

5. በጥንቃቄ ያጓጉዙ

የሚፈታውን ይፍቱ። ብሎኖቹን በፌስታል አድርገው ከራሱ ከዕቃው እግር ጋር ይሰሩ። መስታወቱን ለብቻው በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ። ለቅርብ ቦታ ጋሪ ይበቃል፤ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ከሆነ በሚመለስ አይሱዙ ላይ ቦታ መጠየቅ ያዋጣል። ሰማዩ ጥሩ ቢመስልም ሸራ ይያዙ። ዕቃው በሚነሣበት ጊዜ አይጎተት፤ ብዙ እግር የሚሰበረው ሲጎተት ነው።

6. ሳሎን ከመግባቱ በፊት በረንዳ ይቆይ

ያገለገለ ዕቃ በቀጥታ ወደ ቤት አይግባ። ጥቂት ቀን በረንዳ ላይ ያቆዩት፤ በየቀኑ ይመርምሩት። የእንጨት ዕቃ ከሆነ ጥቁር ፌስታል ከሥሩ ያንጥፉ፤ በማግስቱ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዝ አለበት ማለት ነው። የሚወልቅ ልባስን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ውኃ ይጠቡ፤ ይህ ሙቀት ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል። በየስፌቱ ያለውን በብሩሽ ይጥረጉ፤ የተጠረገውን አርቀው ያቃጥሉት።

ለእርሻ የተገዛ ፀረ ተባይ ሶፋ ላይ አይርጩ። ቤተሰቡ በየቀኑ የሚቀመጥበትና ሕፃን የሚተኛበት ቦታ ነው፤ መርዙ በስፖንጁ ውስጥ ይቆያል። ነጭ ጋዝ ማፍሰስም እሳት መጋበዝ ነው።

7. እንጨቱን ያድሱ

የሥራው ልብ ይህ ነው። የሚያስፈልግዎ የእንጨት ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ካቻቢቴ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ጨርቅና መቀቢያ ነው።

እጥበት። ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ሳሙና በጨርቅ አድርገው፣ ጨርቁን በደንብ ጨምቀው ይጥረጉ። ውኃ አያፍስሱበት። ከዚያ በጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ኃይለኛ ፀሐይ ጣውላውን ይሰነጥቀዋል።

ማጣበቅ። የላላውን መገጣጠሚያ ጨርሰው ይፍቱት። የድሮውን ኮላ ፍቀው ያስለቅቁ፤ አሮጌ ኮላ ላይ አዲስ አይይዝም። አዲሱን ኮላ በሁለቱም ወገን ቀብተው ይግጠሙ። ከዚያ ገመድ በእግሮቹ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙረው ይሰሩ፤ በገመዱ መካከል ዱላ አስገብተው እያዞሩ ያጥብቁት። ኮላው ሳይደርቅ ዕቃውን ደልዳላ ወለል ላይ አቁመው አራቱም እግሮች መርገጣቸውን ይዩ። 24 ሰዓት ሳይሞላው አይፍቱት። በላላ መገጣጠሚያ ላይ ምስማር አይምቱ፤ እንጨቱን ሰንጥቆ ቀጣዩን ጥገና ያበላሻል።

ቀዳዳ መሙላት። ከራሱ ከእንጨቱ የወጣ ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሰው ይሙሉ። ሲደርቅ ቀለሙ ከጣውላው ጋር ይቀራረባል። ለሰፊ ስንጥቅ አናጺው ቀጭን የዋንዛ ሽራፊ ቢያስገባበት ይሻላል።

ማለስለስ። ሻካራ ከሆነው 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይጀምሩ፤ በ120 ይቀጥሉ፤ በ220 ይጨርሱ። እጅዎ ምንጊዜም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይሂድ፤ አግድም የተፋቀ ጭረት ቫርኒሽ ሲቀባ ጎልቶ ይወጣል። የቆየ ቀለም ያለበት ዕቃ ከሆነ ይጠንቀቁ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራውም ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው። ቀለሙን በውኃ እያረጠቡ ደጅ ላይ ይፋቁ፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ልጆችን ያርቁ፤ ፍቅፋቂውን ሰብስበው ይጣሉ።

መቀባት። ሁለት ምርጫ አለዎት። ትኩስ ድስትና ውኃ ለሚቀመጥበት የምግብ ጠረጴዛ ቫርኒሽ ይሻላል። የመጀመሪያውን ዙር በጥቂት አኳራጅ አቅጥነው ይቀቡ፤ ሲደርቅ በ220 ወረቀት ቀስ ብለው ዳሰስ ያድርጉትና ጠርገው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስስ አድርገው ይድገሙ። አንድ ወፍራም ዙር አይተካውም፤ ይዝረከረካል፣ ለመድረቅም ይዘገያል።

ለቡፌ፣ ለወንበርና ለትንሽ ጠረጴዛ ግን በእጃችን ያለው የተልባ ዘይትና ሰም ያምራል። የጸዳ የንብ ሰም አንድ እጅ፣ የተልባ ዘይት አራት እጅ አድርገው በቆርቆሮ ይጨምሩ፤ ቆርቆሮውን የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠው ያቅልጡ። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት። ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትርፉን ይወልውሉ። የተልባ ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ቀናት ይስጡት። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ዘይቱን የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

እግሮቹ። የእግሮቹን ጫፍ፣ የወለሉን እርጥበት የሚጠጣው እሱ ነውና፣ ደጋግመው ቫርኒሽ ይቀቡ። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ ከሥር ይምቱበት። ከሊሾው ጥቂት ከፍ ማለቱ ብቻ ለብዙ ክረምት ይጠብቀዋል።

8. ሶፋውን ያልብሱ

የድሮውን ልባስ ሳይቀድዱ ይፍቱት፤ ለአዲሱ መቁረጫ ልክ ይሆንዎታል። የረገበ ላስቲክ ካለ ይለውጡ። መቀመጫው ከ10 እስከ 12 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይፈልጋል፤ ለጀርባ ሳሳ ያለው ይበቃል። ስፖንጅ ሲገዙ በእጅ ጫን አድርገው ይልቀቁ፤ ወዲያው ተመልሶ ካልተነሣ በጥቂት ወር ይሰምጣል።

ለ3 ሰው ሶፋ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ከ9 እስከ 11 ሜትር ሊወስድ ይችላል፤ ሰፊው አስቀድሞ ይለካ። ጥጥ ጨርቅ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ በኋላ እንዳይኮማተር። ጭቃ በሚበዛበት አገር የሚወልቅና ዚፕ ያለው ልባስ ማሠራት ብልህነት ነው፤ እያወለቁ ያጥቡታል። ሙሉውን የማልበስ አቅም ለጊዜው ከሌለ የመቀመጫውን ትራስ ብቻ ያልብሱ፤ ጀርባውን በንጹሕ ጋቢ ወይም በጥልፍ ይሸፍኑ።

9. ያለ ግድግዳ ይለያዩ፣ በቀለም ያዋሕዱ

አሁን በካርቶን የሞከሩትን በእውኑ ያስቀምጡ። የመቀመጫውንና የመመገቢያውን ስፍራ ለመለየት የሶፋውን ጀርባ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ማዞር፣ ወይም ዝቅ ያለ ቡፌ በመሐል ማቆም ይቻላል። ቦታ ከጠበበ ሶፋው ሥር ብቻ ስጋጃ ማንጠፍ ይበቃል። ከቀርቀሃ የተሠራ ዝቅተኛ መጋረጃም ብርሃን ሳይከለክል ይለያል።

ከተለያየ ቤት የመጣ ዕቃ ዝርክርክ እንዳይመስል አንድ የእንጨት ቀለምና አንድ የጨርቅ ቀለም ይምረጡ። የሶፋው ትራስ፣ የወንበሮቹ መቀመጫና መጋረጃው አንድ ቀለም ቢጋሩ ዕቃው ሁሉ ይቀራረባል። ስድስት የተለያዩ ወንበሮች ካሉዎት በአንድ ቀለም ቀብተው አንድ ዓይነት ትራስ ያድርጉባቸው።

ቡፌውንና ሶፋውን ከግድግዳው 5 ሳ.ሜ. ያህል ያርቁ፤ በተለይ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ በመሐሉ አየር ካልተላለፈ ጀርባቸው ይሻግታል። የቡናውን ስፍራ በመስኮት ወይም በበር አጠገብ ያድርጉት። ስፖንጅ በቶሎ ይቀጣጠላልና ምድጃውን ከሶፋው ያርቁ፤ ከሰል በሚነድበት ጊዜ መስኮቱ አይዘጋ፤ የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ ይገድላል።

10. ገንዘብ ሲያጥር ቅደም ተከተሉ

ሁሉን በአንድ ወር መጨረስ ግዴታ አይደለም። በመጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹን ያጣብቁ፤ ቀጥሎ እግሮቹንና የጠረጴዛውን ፊት ይቀቡ፤ ከዚያ ስፖንጁን ይለውጡ፤ ልባሱ ይከተል፤ ጌጡ መጨረሻ ይምጣ። ከውበቱ በፊት ጥንካሬውን ካስቀደሙ የሚያወጡት ብር አይባክንም።

ዝናቡ በወጣ ቁጥር፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ዕቃውን ሁሉ አንድ ጊዜ ይዙሩት። የላላ ብሎን ያጥብቁ፤ የቡፌውን ጀርባ አናፍሰው ይጥረጉ፤ የእግሮቹን ጫፍ ይመርምሩ፤ በሰም የታደሰውን ሰም ይድገሙት። ይህን የግማሽ ቀን ሥራ ያላቋረጠ ቤት የዋንዛውን ጠረጴዛ ለልጆቹ ያወርሰዋል፤ አናጺም የሚጠራው ሲፈልግ እንጂ ሲቸገር አይሆንም።